የሐሙስ ገጽ

ሊሌ፣ የልጄ ልጅ፣ ደብተር አቀብላኝ፣
«የሳምንቱን ውድሽን ጻፊልኝ» ብላኝ፣
ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።
አስተማሪዋ ናት ያዘዘች፦
ከምግብ፣ ከመጽሐፍ፣ ከዜማ፣ ከስፖርት፣
በቀን አንድ ገጽ፤ ያለ ሐተታ፣ ያለ ሐሜት።

እኔ ናዚብሮላ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ፣
የኩታይሲን ፒያኖ ስቃኝ ያለቀ ጉልበቴ፣
ቀኝ ጆሮዬ የከዳኝ፣ ግራው የታመነ፣
ፍቅርን በተራ ቁጥር መጻፍ ለኔ መች ሆነ?

ሰኞ፦ ቦሎቄ። በሸክላ ድስት የበሰለ፣
ድንብላሉ ገና ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርቱ እሳት ያለ።
በበቆሎ ቂጣ ጠርጌ ጠርጌ ድስቱን አሳፈርሁት፤
«ልብሽን ጠብቂ» ያለኝን ሐኪም በጨው ሸኘሁት።

ማክሰኞ፦ መጽሐፍ። ከአሮጌ ሚዛን አጠገብ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ያገኘሁት፣
የአንድ ንብ አናቢ ማስታወሻ፤ መጨረሻው የተቀደደበት።
ሰባት ጊዜ አነበብሁት። በሰባቱም ጊዜ
ንግሥቲቱ ከቀፎ ወጥታ፣ ሰውየው መሰላል ላይ፣ ቆሞ በትካዜ፣
እዚያው ላይ ይቆረጣል።
ወረደ? ወደቀ? ተነደፈ?
እንጃ። በየዓመቱ ሌላ ፍጻሜ አለብሰዋለሁ፤ ስንቱ በእጄ አለፈ!
ሻጩ ቤሳሪዮን አንድ ቀን፣ «ሙሉውን አግኝቻለሁ» ቢለኝ፣
«ተወው፣ ይቅርብኝ።»

ረቡዕ፦ ዜማ። ሊሌ የዘፋኝ ስም ጠብቃ ይሆናል፤
የኔ ግን ከሁለት ድምፅ ጠብ መካከል ይወለዳል።
የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይዘጋው ክፍል፤
ክሩ ሲወጠር፣ ከመቃኛው ሹካ ጋር «እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም» ሲባባል፣
ዋ ዋ ዋ የሚለው ማዕበል ቀስ እያለ፣ እየሰፋ፣
ድንገት አንድ ሲሆኑ፣ ጠቡ ሲጠፋ።
ለዚያች ጸጥታ ማን ያጨበጭባል?
እኔ አርባ ዓመት፣ ቁልፌን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣
ሰማኋት በሰው ሳሎን ተቀምጬ።

ሐሙስ፦

ዓርብ፦ ምግብ ልድገም፤ ሕጉ አይከለክልም።
ያልበሰለ ፕሪም፣ አረንጓዴ፣ በጨው፤ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።
የጎረቤቴ የጺያላ ነው ዛፉ። ግን ወደ እኔ አጥር ከጎነበሰ፣
ጥፋቱ የማን ነው? ጥርሴም ፈራርሶ፣ አፌም ምራቅ ካፈሰሰ።
(ይህን አስተማሪዋ እንዳታይ።)

ቅዳሜ፦ ስፖርት። ራግቢ፤ የከተማችን ልክፍት።
እንቁላል የመሰለ ኳስ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ፣ ከጠዋት የጀመረ ዝናብ፣
የሥጋ ሻጩ የሹክሪ ልጅ፣ ጆሮው እንደ ጎመን የተጨማደደ፣
ስምንት ለስምንት ተቆላልፈው፣ ከጀርባቸው እንፋሎት ሲነሣ፣ ሣሩ ሲታረስ፣
እኔ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ጃንጥላዬን እንደ ጦር ሰብቄ፣
«ግፋ! አንተ የሹክሪ ልጅ፣ ግፋ!»
ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ባርኔጣው እስኪጠፋ።
በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። በመጨረሻዋ ደቂቃ።
ቤቴ ገባሁ ድምፄን ጨርሼ፣ ጫማዬን ሞልቶት ጭቃ፤
ደግሞም ደስ ብሎኝ።

እሑድ ሊሌ መጣች። ገለጠች፣ ሳቀች፣ ገለጠች።
«ሐሙስስ የት አለ?» አለች።

«ሐሙስ ምንም አልወደድሁም።
ዘነበ። ቦሎቄው ኮመጠጠ። ጉልበቴም ሰላም አልሰጠኝም።
ግራ ጆሮዬን ለስልኩ አውሼ
እስከ ማታ ተቀመጥሁ። አልጮኸም። ተኛሁ መብራት አጥፍቼ።»

ሐሙስ ሐሙስ የምትደውል አንዲት ልጅ አለች።
ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አንገቷን አቀረቀረች፣
እስክሪብቶዬን ከእጄ ነጥቃ፣ ባዶው ገጽ ላይ ተደፍታ
ጻፈች፤ ብዙ ሳይሆን፣ ምናልባት አንድ መስመር ያህል፤
ደብተሩንም ዘጋች።

ምን እንደጻፈች አላየሁም።
መነጽሬ ኩሽና ነበር።
ሄጄ አላመጣሁትም።